ጂኦሎጂ ደረሰኝ፤ ልቀጥል ወይስ ልቀይር?

የደጀን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የፍሬሽማን ዓመቴን ጨርሼ ዲፓርትመንት ተመደብኩ። ጂኦሎጂ ደረሰኝ። 4ኛ ምርጫዬ ነበር። ለመቀየር የቀረኝ 2 ሳምንት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የምታውቁትን ቶሎ ንገሩኝ።

ቤት ደውዬ ስነግር አባቴ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "ድንጋይ ለማወቅ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው?" አለኝ። አልተቆጣም። አዝኖ ነው የተናገረው። ያለን ጥቂት የጤፍ መሬት ነው። ታላቅ ወንድሜ በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ 2 ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ከረመ። አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል። ቤታችን ሌላ 2 ዓመት የመጠበቅ አቅም የለውም።

አንድ ነገር ግን አለ። ያደግኩት ደጀን ነው፤ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ። 8ኛ ክፍል ሳለሁ ከአጎቴ ጋር ወደ ጎሐ ጽዮን ስንሄድ የመኪናችን ጎማ ፈንድቶ ቁልቁለቱ ላይ ቆምን። መንገድ ዳር ተማሪዎች መዶሻ ይዘው ድንጋይ ይፈልጣሉ። አንዷ ጠራችኝና ጣት የምታክል ማጉያ መነፅር ዓይኔ ሥር አስጠጋችልኝ። ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል አለ። መስመሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። "እዚህ ባሕር ነበር" አለችኝ። አላመንኳትም። ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

እና ንገሩኝ፤ እውነት ሥራ አለ? ማዕድን፣ ውሃ፣ ግንባታ ሲባል እሰማለሁ። የቱ ይሻላል? ወይስ ነገ ሄጄ በአካውንቲንግ ልቀይረው?

ባልጩት፦

ሳላሽሞነሙን ልንገርህ። የተመረቅኩት በ2014 ነው። ከዚያ 14 ወር ቤት ተቀምጫለሁ። ማስታወቂያው ሁሉ "2 ዓመት የሥራ ልምድ" ይላል። "0 ዓመት" የሚል ሲወጣ ደግሞ ለአንድ ቦታ የሚሰለፈውን ሰው አይተህ ተስፋ ትቆርጣለህ። የመውጫ ፈተናም አለ፤ ካላለፍክ ዲግሪህ እጅህ አይገባም።

አሁን የሲሚንቶ ፋብሪካ ካባ (ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ) ላይ ነኝ። ፈንጂ ከመቀበሩ በፊት ድንጋዩ ይቦረቦራል። ከየጉድጓዱ የሚወጣውን ዱቄት በከረጢት ሰብስቤ ላብራቶሪ እልካለሁ። ማግኒዥየም የበዛበት ንጣፍ ከተገኘ ለብቻው እንዲነሳ ምልክት አደርጋለሁ፤ እሱ ከገባ ሲሚንቶው ይበላሻል። አቧራው ከባድ ነው። ደመወዙ ግን በየወሩ ይገባል። የእናቴን የቤት ኪራይ እኔ ነኝ የምከፍለው።

የቆጨኝ ክረምቶቼን ሁሉ ቤት ማሳለፌ ነው። አብሮኝ የተማረ ልጅ በየክረምቱ የውሃ ቁፋሮ ድርጅት ዘንድ እየሄደ ያለ ክፍያ ቱቦ ሲሸከም ነበር። ተመርቆ በወሩ ተቀጠረ። አካውንቲንግ ብትሄድም ሰልፉ ያው ሰልፍ ነው፤ እሱን አስበህ ወስን።

ውሃ ፈላጊዋ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያነበብኩት ትናንት ማታ ቁፋሮ ጣቢያ ላይ ሆኜ ነው። ማሽኑ ቆሞ ናፍጣ እየጠበቅን ነበር። 13 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ሥራዬ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ስለሌላው ብዙ አልልህም፤ ስለ ውሃ ግን የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ አባትህን። "ድንጋይ ለማወቅ" ያሉት እውነት ነው፤ አትፈርበት። ሰው ደጅ ሄደህ "እዚህ ቆፍሩ" ስትል ያ ሁሉ ብር የሚወጣው ድንጋዩን ታውቃለህ ተብሎ ነው። ደጋው ላይ ስትቆፍር ባሳልት ይመጣል። ጥቁር፣ ጠጣር፣ ውሃ የማያሳልፍ። ከዚያ በ2ቱ የባሳልት ንጣፎች መሀል የተቃጠለ ቀይ አፈር ታገኛለህ። አንዱ ቅልጥ ድንጋይ ፈስሶ ቀዝቅዞ፣ ላዩ አፈር ሆኖ፣ ሌላው መጥቶ ሲሸፍነው የጠበሰው አፈር ነው። እሱም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ አይሰጥም። ትንሽ ወርደህ ግን የተሰነጠቀ ወይም እንደ ቀይ አሽ የተቦረቦረ ድንጋይ ካገኘህ ውሃው እዚያ ነው። በየ2 ሜትሩ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ቁርጥራጭ አጥበህ፣ ላስቲክ ላይ በተርታ ደርድረህ፣ በማጉያ እያየህ ትጽፋለህ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ድሪለር ዓይን ዓይንህን ያይሃል። "እንቀጥል ወይስ እንቁም?" ይልሃል። መልሱ ያንተ ነው።

አሁን የማይረሳኝን ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩ በ2ኛ ዓመቴ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ወደ አንድ ቀበሌ ተላክሁ። ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ነው የሚሄዱት። የቁፋሮውን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ። በኤሌክትሪክ ነው የሚለካው። 4 ብረት መሬት ላይ ትተክላለህ፤ በ2ቱ ኤሌክትሪክ ትልካለህ፣ በሌሎቹ 2 ደግሞ ትለካለህ። ብረቶቹን ባራራቅህ ቁጥር ጠለቅ ያለው ይታይሃል። ውጤቱ ጥሩ ነበር። እርግጠኛ ነበርኩ።

140 ሜትር ላይ ውሃ መጣ። የማሽኑ አየር ሽቅብ ሲተፋው ሰው ሁሉ እልል አለ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው ውሃው ሥር ዘረጉት። ከዚያ በእፍኛቸው ቀምሰው "ማር ነው ልጄ፣ ማር!" አሉኝ። አቅፈው ሳሙኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ናሙናው ወደ ላብራቶሪ ሄደ። በ9ኛው ቀን ውጤቱ መጣ። ፍሎራይድ፣ በሊትር 7 ሚሊ ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ነው። ፍሎራይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ምላስም አይለየውም። ልጅ እያደገ ሲጠጣው ጥርሱን ያበላሸዋል። ዓመታት ሲቆይ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ወገብና ጉልበት አልታጠፍ ይላል።

ምክንያቱን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። የስምጥ ሸለቆው ወለል ፑሚስ (ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ) እና አመድ መሰል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የበዛበት ነው። ፍሎራይድ የሚወጣው ከእሱ ነው። ውሃው ሞቅ ያለ ነው፤ ድንጋዩ ውስጥም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ካልሲየም ቢኖረው ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ይዘቅጥ ነበር፤ ግን ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ፈተና ላይ ይህን ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ።

ያቃጠለኝ ሌላ ነው። የቀበሌው ልጆች ሲስቁ ጥርሳቸው ቡናማ ነበር። ሥራ ከጀመርንበት ቀን ጀምሮ ከበውኝ ይውሉ ነበር፤ እያየሁት ነበር። ጥርሳቸውን ስለማይፍቁ መስሎኝ አለፍኩት። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄጄ የአጎራባች ጉድጓዶችን የምርመራ ወረቀት ብጠይቅ ኖሮ እዚያው ነበረ። አልጠየቅኩም። የለካሁትን ብቻ አመንኩ።

ለቀበሌው ስብሰባ ቆሜ የነገርኩት ራሴ ነኝ። "ለመጠጥና ለምግብ አይሆንም፤ ልብስ እጠቡበት" አልኩ። እናትየዋ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ምንም አላሉኝም። ብቻ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ በተራራው ግርጌ 3 ቀን በእግሬ ዞርኩ። አንድ የአገሬው ሽማግሌ ይመሩኝ ነበር። ከደጋው የሚወርደው ውሃ ገና ወደ ወለሉ ሳይደርስ፣ ድንጋዩ ውስጥ ብዙም ሳይቆይ የሚወጣበት ምንጭ እንደማይጠፋ ገምቻለሁ። አገኘን። ሲመረመር 0.8 ሆነ። ከምንጩ እስከ ቀበሌው 11 ኪሎ ሜትር ነው። የመስመሩ በጀት እስኪገኝ 3 ዓመት ፈጀ። ቦኖው የተከፈተ ዕለት ሌላ ክልል ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላየሁም፤ የዚያን ዕለት ፎቶ ግን ስልኬ ላይ አስቀምጫታለሁ።

ሥራ አለ ወይ ላልከኝ፣ ያ ቀበሌ ብቻውን አይደለም። ውሃ የሌለው ወረዳ እስካለ ድረስ ጉድጓድ ይቆፈራል። የክልል ውሃ ቢሮዎች፣ የቁፋሮ ድርጅቶች፣ አማካሪ ድርጅቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶች ሰው ይቀጥራሉ። ባልጩት እንዳለው ግን በር ላይ የሚጠብቅህ "ልምድ" የሚል ቃል ነው። እሱን ከአሁኑ ጀምር። 2ኛ ዓመትህ ሲያልቅ ክረምቱን ቤት አትቀመጥ። ቁፋሮ ድርጅት በር ሄደህ "ቁርጥራጭ አጥባለሁ፣ መዝገብ እጽፋለሁ፣ ምሳ ብቻ አብሉኝ" በል። እኔ እንደዚያ ብሎ የመጣን ልጅ መልሼ አላውቅም። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራም በነፃ ነው፤ ዛሬ አውርደው። መንጃ ፈቃድ አውጣ፤ ብዙ ሰው አያስበውም፣ ገጠር ላይ ግን ያስቀጥራል። እንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍ ልመድ፤ ጉድጓዱን አሳምሮ ቆፍሮ ሪፖርቱ ላይ የሚወድቅ ባለሙያ ብዙ አይቻለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ደብተር ያዝ። ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ኪስ የሚገባ። ስልክ አይተካውም። ቀን፣ ቦታ፣ ያየኸውን፣ የነገሩህን ጻፍ። የልጆቹን ጥርስ ደብተሬ ላይ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ማታ ሳነበው ያነቃኝ ነበር።

ወርቅን ብለህ እንዳትገባ ብቻ። ለገደንቢ የሠሩ ጓደኞች አሉኝ፤ የካምፕ ኑሮ ነው፣ ጥሩ ይከፍላል፣ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚይዘው። የእንፋሎት ኃይል ከወደድክ አሉቶ ላንጋኖ አለ። እዚያ ጉድጓዱ 2 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ታች ያለው ሙቀት 300 ዲግሪ ይደርሳል። ለእሱ ማስተርስ ያስፈልግሃል።

3ኛ ዓመት ተማሪ፦

ይቅርታ፣ ጥያቄው የእኔ ባይሆንም ውሃ ፈላጊዋን ልጠይቃት። እኔም ጂኦሎጂ ነኝ፣ ሴት ነኝ። ቤተሰቦቼ "ገጠር ለገጠር ከወንዶች ጋር እንዴት ታድሪያለሽ?" እያሉ አስጨንቀውኛል። አንቺ እንዴት ሆንሽ?

ውሃ ፈላጊዋ፦

እህቴ፣ የእኔም እናት ያንኑ ብላኛለች። የመጀመሪያ ሳምንቴን ያደርኩት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው። በሩ መቀርቀሪያ አልነበረውም። በ2ኛው ቀን የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይታኝ "ነይ እኔ ጋ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የትም ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ጤና ኬላው የት እንደሆነ ነው። አንዲት እህት አላጣሁም። የራስሽ ድንኳን፣ የራስሽ ባትሪ ይኑርሽ። ማታ የት እንደምታድሪ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ጠይቂ፤ "እዚያ ይፈለጋል" ከተባልሽ አትሂጂ። እኔ አንዴ "አልሄድም" ብያለሁ። ተቆጡ፤ ግን ማደሪያ ተገኘ።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ። ውሃ የምትቀዳው ሴት ናት። የቱ ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ የቱ ውሃ ሳሙና አረፋ እንደማያስወጣ የምታውቀው እሷ ናት። ለወንድ ባለሙያ ባሏ ነው የሚመልስለት። ለኔ ማጀት ገብታ፣ ቡና አፍልታ ትነግረኛለች። ሥራዬ ከዚያ ብዙ ተጠቅሟል።

ኮር ሳጥን፦

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ግድብና መንገድ ላይ ነው የኖርኩት። ደጀን ነኝ ስትል ዝም ማለት አልቻልኩም።

የዓባይ በረሃ መንገድ ላይ ሠርቻለሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጃፓን ድጋፍ ነው እንደገና የተሠራው፤ አዲሱም ድልድይ እንዲሁ። አስፋልቱ ግን አሁንም አንዳንድ ቦታ እንደ ጨርቅ ይጨማደዳል። አይተኸዋል። ሰው "ኮንትራክተሩ ሰርቆ ነው" ይላል። ብዙ ቦታ ላይ ግን ተራራው ራሱ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከላይ የወረደ ድንጋይና አፈር ሸክላማ ንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ክረምት ውሃ ሲገባው ቀስ እያለ ይንሸራተታል። የት እንደሚንሸራተት፣ ስንት ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚንሸራተት ካላወቅህ የምትሠራው ግድግዳ አብሮ ይሄዳል። ይህን የሚነግርህ የኢንጂነሪንግ ጂኦሎጂ ባለሙያ ነው።

የጊቤ ሁለት ኃይል ማመንጫን አስታውስ። ውሃው የሚያልፍበት 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አለው። ገና ሲቆፈር ማሽኑ ስንጥቅ ላይ ደርሶ ጭቃ ገፍቶ አቆመው። በ2002 ዓ.ም ጥር ላይ ተመርቆ 2 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ደግሞ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። ድንጋይ ሲሚንቶና ብረት ስለበዛበት አይታዘዝም። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ በመሬት ናዳ የሆነውን ደግሞ ሁላችንም አልቅሰንበታል። ከ200 በላይ ሰው። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት በእጃቸውና በአካፋ ሲቆፍሩ የነበሩትን ነው ሁለተኛው ናዳ የወሰዳቸው። ከላይ ያለው ገደል ገና እንዳልረጋ ቆሞ የሚያይ፣ "አሁን ራቁ" የሚል አንድ ሰው እዚያ ቢኖር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። በየወረዳው አንድ ጂኦሎጂስት ይኑር የምለው ለዚህ ነው። ለመንግሥት ሰዎችም በየስብሰባው ስናገር ኖሬያለሁ፤ አሁንም እናገራለሁ።

ወንድምህ ሲቪል ነው ብለሃል። ከእሱ ጋር ተቀናጁ። እሱ መሠረቱን ሲያሰላ አንተ ከሥሩ ያለውን ትነግረዋለህ። የአፈር ምርመራ የሚሠሩ ትናንሽ ድርጅቶች በእንዲህ ያለ ጥምረት ነው የሚጀመሩት። ቶሎ ሀብታም አያደርግም፤ ቤት ግን ያቆማል።

የደጀን ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ውሃ ፈላጊዋ የጻፉትን ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት። የልጆቹ ጥርስ ጋ ስደርስ "ቆይ፣ ድገመው" አለኝ። ከዚያ "ታዲያ እኛ የምንጠጣውስ ተመርምሯል?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

አልቀይርም። ለወንድሜም የኮር ሳጥንን ሐሳብ ነገርኩት፤ ጥምረቱን ወዶታል፤ መቼ እንደምንጀምር ግን ገና አልተስማማንም።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለእረፍት ቤት መጥቼ ትናንት ወደ ዓባይ ቁልቁል ወረድኩ። ግማሹን አልፌ ነጭ ድንጋይ አነሳሁ። ስሰብረው ያብረቀርቃል። የኖራ ድንጋይ ነው? ዛጎሉን ያየሁበትስ እሱ ነው?

ውሃ ፈላጊዋ፦

እሰይ! በል በጥፍርህ ጫረው። ጥፍርህ ከጫረው ጂፕሰም ነው፤ የኖራ ድንጋይ ለጥፍር አይበገርም። ኖራ ከሆነ ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ይፈላል፤ ካልፈላልህ ፍቀውና ዱቄቱ ላይ ሞክር። ጂፕሰም አይፈላም። ከደጀን ስትወርድ መጀመሪያ ባሳልቱን ታገኛለህ፣ ከዚያ ወደ ኖራው ድንጋይ ትደርሳለህ። ዛጎልህ የኖራው ውስጥ ነው። ጂፕሰሙ ከኖራው በታች ይመጣል። ባሕሩ ጥልቅ ከመሆኑ በፊት ውሃው እየተነነ የተወው ነው። ታችኛው አሸዋ ድንጋይ ወንዙ አጠገብ ነው።

ውጤቱን ንገረኝ።

የደጀን ልጅ፦

ጫረው። ሎሚም አላፈላውም። ጂፕሰም ነው። ከኖራው በታች ነው ያነሳሁት፤ ከላይ ያለውን ግራጫ ገደል አልፌ፣ መንገዱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ጋ። ዛሬ ጠዋት ከደጀን ገበያ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ገዝቼ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፍኩት።

ውሃ ፈላጊዋ፦

ቀኑን ጽፈሃል? ድንጋዩም ላይ በቀለም ቁጥር ጻፍበት፤ 1 ብለህ። ክረምት ሲደርስ እዚሁ ጻፍልኝ፤ የት እንደምንቆፍር እነግርሃለሁ።